ያልተቆጠረችው ኳስ

አልታየሽ ወንበር ፍለጋ ሄዳ ሬሳ አገኘች።

ጊዜው ጥቅምት 1971 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ለንደን ነንና። ዋይት ሲቲ፣ ገብረመድኅን ቤት፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ጋሽ መርዕድ፣ ይድረሱልኝ! ዓለምሰገድ ወንበሮቹ መሀል ተጋድሟል፤ ብጠራው ብጠራው አይሰማም።»

«ቅዳሜን ሲጠጣ አምሽቶ ይሆናል። ቀስቅሺው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ቀዝቅዟል እኮ!»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን መትቶ የሳቀ ሰው ነው።

መርዕድ እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ የወንጀል ምርመራ ሠራተኛ። አሁን ቶተንሃም ጋራዥ አውቶቡስ አጥባለሁ። አልከፋኝም። አውቶቡስ እንደሆነ አይዋሽም፣ ቃሉን አይለውጥም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅና የእርሻ ኮሌጅ በቅርጫት ኳስ ለዋንጫ ገጠሙ። ምህንድስና አርባ ሁለት ለአርባ አንድ ረታ። በመጨረሻዋ ቅጽበት የእርሻው አምበል ዑቕባይ ኳሷን ከቷት ነበር፤ ሰዓት ያዡ ዓለምሰገድ ግን «ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው» ብሎ አስቀራት። ሰዓት ያዡ ደግሞ የምህንድስና ልጅ! ቁርጭምጭሚቱ ስለተጎዳ ነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት። እንግዲህ ፍረዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ንጉሥ ወርዶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ሰው ተሰዶ፣ ይህቺ ኳስ ገባች አልገባች ሲባል ነው የኖረው። ዕጣቸው ሁሉንም ለንደን ሲጥላቸው፣ ቦርጭ አውጥተው ራሳቸው ተመልጦ፣ «እንድገመው» አሉ። ቅዳሜ ፊንስበሪ ፓርክ ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራየንላቸውና ተጫወቱ።

ይህ እንግዲህ ለገብረመድኅን የነገርነው ነው። እውነቱ ግን ግጥሚያው የተሰናዳው ለእሱ ሲባል ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዘሪሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከተደበቀበት ቤት ተይዞ ተረሽኗል። ወሬው ከደረሰን ሳምንት ሆኖታል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም። ሰውየው በልቶ ጠጥቶ ይተኛል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነግረዋል። ስለዚህ «ቅዳሜ እናጫውተው፣ እናብላው፤ እሑድ ንጋት እናርዳው» ብለን መከርን። ወሬው ከአንዱ አፍ እንዳያመልጥ ቀኑን ሙሉ በተራ ጠበቅነው።

እሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሆነን ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ሃብተማርያም፣ የሁላችንም ታላቅ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት አዛውንት፣ የሚናገሩትን ሲያጠኑ ነው ያደሩት። በሩን ገብረመድኅን ራሱ ከፈተ። ጋሽ ሃብተማርያም ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ዘሪሁን! ወንድሜን!» ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ያ ሁሉ የተጠና ንግግር ባክኖ ቀረ። እኛም ተከትለን አለቀስን። ሰው በዛ፣ መቀመጫ አነሰ፤ የቅዳሜውን ምግብ ያሰናዳችልን አልታየሽ የአዳራሹን ቁልፍ ይዛ ወንበር ልታመጣ ሄደች።

*

ኢንስፔክተር ሆልደን ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የወንበር ማከማቻው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ፖሊስ ነበርክ ይባላል።»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው አስተርጓሚ ብቻ አትሁን። የምታየውን ንገረኝ።»

ዓለምሰገድ በጀርባው ተንጋሏል። ከራሱ ሥር የቅርጫቱ ማቆሚያ የነበረ አሮጌ ብረት አለ፤ ደሙ እዚያ ላይ ደርቋል። ቁስሉ አንድ ነው።

«ተገፍትሮ ነው የወደቀው» አልኩት። «የሸሚዙን ቁልፎች እይ፤ ሁለቱ ተበጥሰዋል። ኮሌታውን አንቆ የያዘው ሰው ነበር።»

«ሐኪሙ ትናንት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሞተው ይላል። ያኔ ምን ነበር?»

«ጨዋታው አራት ላይ አለቀ። አምስት ላይ ፎቅ ምግብ ተበላ። በመሀሉ ሰው ሲተጣጠብ ነበር።»

«አምስት ላይ አለመምጣቱን ያየ የለም?»

«አየን። ምህንድስና ስለተሸነፈ አኩርፎ ሄደ ብለን ሳቅንበት።» ይህን ስናገር አፈርኩ።

ከኪሱ የተገኘው አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ቴምብር የለውም፣ ደም ነክቶታል። ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ያልተገኘ ነገርም ነበር። ዓለምሰገድ ከአገሩ ሲወጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞት የመጣው የ1951ዱ የነጥብ መዝገብ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከብብቱ አልወጣም ነበር። አሁን የለም።

«ትናንት ከማን ጋር ተጣላ?» አለ ሆልደን።

ልደብቅ አልልም፤ አርባ ሰው ሰምቷል። በዕረፍቱ ሰዓት ዑቕባይ ዓለምሰገድን ደረቱን ገፍቶ «ዛሬ ሐቁን ካልተናገርክ እገልሃለሁ!» ብሎ ጮኾበታል። ተርጉሜ ነገርኩትና ቶሎ ብዬ ጨመርኩ፦

«ኢንስፔክተር፣ እኛ አገር እናት ልጇ ሻይ ሲያፈስባት እገልሃለሁ ትላለች።»

«ልጁ ግን በማግስቱ ሞቶ አይገኝም» አለ ሆልደን።



*

ዑቕባይን ቶተንሃም ካለው መኖሪያው አመጡት። መዝገቡ ከፍራሹ ሥር ተገኘ። እኔ እንኳን ክው አልኩ።

«ራሱ ነው የሰጠኝ» አለ ዑቕባይ። «ጨዋታው እንዳለቀ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈልኝና ፈረመ። ይዩት፣ ጋሽ መርዕድ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከደበዘዘው የሃያ ዓመት ጽሑፍ ሥር፣ በአዲስ ቀለም «ገብታ ነበር። ሰዓቱ አላለቀም። ዋሽቻለሁ። ዓለምሰገድ» ይላል።

ሆልደን አስተርጉሞኝ ቅንድቡን አነሳ። «ሃያ ዓመት እምቢ ያለውን በአንድ ቀን? አንቆ አጽፎት ይሆናል። ለምን ምግቡን ሳትበላ ሄድክ በለው።»

«ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም» አለ ዑቕባይ። «ኳስ ነው ትላላችሁ። አባቴ ያን ቀን ከአስመራ ድረስ መጥቶ ነበር የሚያየኝ። ሁለተኛ ስጫወት ሳያየኝ ሞተ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«አውቶቡስ ሙሉ ሰው። የማውቀው ግን የለም።»

ሆልደን ውጭ አወጣኝ። «ነገ እኩለ ቀን ላይ ክስ እመሠርታለሁ። የተሻለ ነገር ካለህ ከዚያ በፊት አምጣ።»

የጣቢያው አግዳሚ ላይ የዑቕባይ ሚስት ንግስቲ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ተቀምጣለች። ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው ከአገር የጠፋ ሰው ነው ባሏ፤ ሁለቱም ጥገኝነት ጠይቀው መልስ ይጠብቃሉ።

«ክስ ከተመሠረተበት ወረቀታችን አበቃ» አለችኝ። «ይመልሱታል። ቦሌ ላይ ማን እንደሚቀበለው ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። እዚያ ቤት ሠርተዋል።»

እውነቷን ነው፣ አውቃለሁ። ያን ቤት ጥዬ የወጣሁት ስለማውቅ ነው።

«ነገ እኩለ ቀን ሳይደርስ አገኘዋለሁ» አልኳት። ማንን እንደማገኝ ግን ፈጽሞ አላወቅሁም።

*

ለቅሶ ቤት ስመለስ ሹክሹክታው ሌላ ሆኗል። አንዲቱ ሴት ባርኔጣ የደፋ ሰው ከአዳራሹ በጓሮ በኩል እየሮጠ ሲወጣ አይታለች። «የኤምባሲ ጆሮ ጠቢ ነው!» ተባለ። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ወተት ቢጎድል እንኳ የኤምባሲ ሰው ጠጣው ይባል ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ባርኔጣውን ሳሳድድ ዋልኩ። በመጨረሻ ባፈና ሆኖ ተገኘ፤ የቅዳሜው ጨዋታ ዳኛችን! ሆስፒታል በሽተኛ እየገፋ ነው የሚኖረው፤ የሥራ ተራው ሊያመልጠው ስለሆነ ሮጠ። አራት ተኩል ላይ ሥራ መግባቱን የሰዓት መፈረሚያ ካርዱ ይመሰክራል። ሲወጣ ዓለምሰገድን ደህና አይቶታል።

«ብቻውን?» አልኩት።

«ብቻውን ነበር። ማከማቻው በር ላይ ቆሞ ወረቀት ያነባል። ደህና ዋል ብለው ቀና አላለም።»

እንግዲህ መዝገቡን ለዑቕባይ ከሰጠ በኋላ በሕይወት ነበር። ለሆልደን ደውዬ ነገርኩት። «ዑቕባይ ተመልሶ አለመምጣቱን ንገረኝ» አለና ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ከላቦራቶሪ ተመለሰ። ሆልደን በፕላስቲክ ከረጢት እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «የቤተሰብ ደብዳቤ ይመስላል። አንብብልኝ።»

በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ነው። ዘርግቼ ሳየው መጀመሪያ የገረመኝ እጥረቱ ነው። የእኛ ሰው ደብዳቤ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ሰላምታ ነው። እገሌ እንዴት ነህ፣ እገሊት እንዴት ነሽ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሠራተኛዋ ሳይቀር በየስማቸው። አንዱን የዘለልክ እንደሆነ ዓመት ሙሉ ትታማለህ። ይህ ደብዳቤ ግን የአንድም ሰው ሰላምታ የለውም። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶናል። ከእኛ በፊት ቀበሌዎች አንብበውታል። እንደ ልማድህ ቤት ያለውን ሁሉ በስም እየጠራህ ሰላም ብለሃል፤ እንግዳችንንም። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት፣ አልተመለሰም። አልፈርድብህም፤ ሰው እንዳይቀርህ ብለህ ነው። ከእንግዲህ ግን ማንንም ሰላም አትበል። እህትህ ሮማንወርቅ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ምን ይላል?» አለ ሆልደን።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

ዘሪሁን ከተደበቀበት ቤት ተያዘ ሲባል የማን ቤት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ይኸውና የዓለምሰገድ እህት ቤት! ሰውየው ቅዳሜ ዕለት ለዑቕባይ የሃያ ዓመት ውሸቱን ተናዘዘ። ንስሐ የጀመረ ሰው ኳሷ ላይ አያቆምም። ከኳስ የከበደ ነገር ኪሱ ውስጥ ነበረው። ያንን ለማን ሊናዘዝ ኖሯል?

ለቄስ አይደለም። የሚናዘዝለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

*

ዋይት ሲቲ ስደርስ አልታየሽ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች።

«ቅዳሜ ከአራት እስከ አምስት ገብረመድኅን ከማን ጋር ነበር?»

«ምን ማለትዎ ነው? ለደቂቃ ብቻውን አልሆነም። ከጋሽ ሃብተማርያም ጋር ነበር።»

ጋሽ ሃብተማርያም ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ጋ ሳይሆን አልታየሽ ጋ ነበር እንጂ። ምግብ ሊያግዛት።»

«እርስዎ ነዎት የላኩት?»

ዐይናቸውን ሰበሩ። «ልጄ፣ እያየሁት መሳቅ አቃተኝ። እንባዬ ሲመጣብኝ፣ አልታየሽ ትፈልግሃለች አልኩት።»

ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። አልታየሽ እጇን በመሐረሟ እየጠረገች አፈጠጠችብኝ።

«አዎ፣ ብቅ ብሎ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ፊቱን ማየት አቃተኝ። ጋሽ ሃብተማርያም ይጠሩሃል ብዬ መለስኩት። ታች ወረደ…»

«መቼ ተመለሰ?»

«ማዕዱ ሲቀርብ።» ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። «ጋሼ! ኧረ እንዳይሉኝ!»

አርባ ሰው ጠበቀው፤ አንዱም አልጠበቀውም። ሁላችንም እሱን አንዱ ለሌላው እየሰጠን ፊታችንን አዞርን። ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያ አዳራሽ ብቻውን የነበረ ሰው ገብረመድኅን ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የእሑድ ንጋቱ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ተመልሶ የመጣው። እኔ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መርማሪ፣ ቆሜ ሰምቼው አልቅሼ አለፍኩት። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

*

ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋቢ ተከናንቦ ወለሉን ያያል። ደውዬ የጠራሁት ሆልደን ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሩብ ነው።

«ገብሬ» አልኩት፣ «እናትህ አሉ። አባትህ አሉ። ሁለት እህቶች አሉህ። ጎህ ሳይቀድ አሥራ ሁለት ሰው በሩ ላይ ያየ ሰው ማን ሞተ፣ እናቴ ናት ወይ ይላል። አንተ ግን አልጠየቅህም። ዘሪሁን አልክ።»

ጋሽ ሃብተማርያም «እንዴ! እንዴ፣ መርዕድ!» ብለው ተነሱ።

«ይተዉት» አለ ገብረመድኅን። ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲጠይቁኝ ስጠብቅ ነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ዓለምሰገድ። በቁሙ፣ ወንበር መሀል። ነገ ሲያረዱህ ከሰው ጋር ተደባልቄ የማለቅስበት ፊት የለኝም፤ ገዳዩ እኔ ነኝ አለኝ። ምን ይላል ይህ ሰው ብዬ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ጋሽ መርዕድ፣ ሳቅሁ። ከዚያ በደብዳቤ ሰላም ብዬው ነው አለኝ። ሰላም ብዬው!»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

«ኮሌታውን አንቄ ገፋሁት። ወደቀ። ተነስ አልኩት። ዓለሜ ተነስ፣ ሰው ይመጣል አልኩት። አልተነሳም። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ለምግብ ተጠራን።» ወደ ሁላችንም ዞረ። «አጎረሳችሁኝ። አልታየሽ አጎረሰችኝ፣ ጋሽ ሃብተማርያም አጎረሱኝ፣ እርስዎም አጎረሱኝ። ወንድሜ እንደሞተ አውቃለሁ፤ ጓደኛዬ ከእግሬ ሥር ታች ተጋድሟል። ዋጥኩት። ሁሉንም ዋጥኩት።»

አዎ፣ እኔም አጉርሼዋለሁ። የተሻለውን ቁራጭ ሥጋ መርጬ። «ብላ፣ በርታ» እያልኩ።

«ዑቕባይ መታሰሩን ሰምተሃል?»

«ትናንት ሰማሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ ያለቅስልኛል። ዕንባው አላናግር አለኝ።» ጋቢውን ከላዩ ላይ አውርዶ አጠፈው፤ በሥርዓት፣ ጥግ ለጥግ። «እንሂድ። ንግስቲ ታሳዝናለች።»

በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ሮማንወርቅን ማን ያረዳታል?» አለኝ።

ሆልደን ክንዱን ያዘው። ካቴና አላወጣም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

*

ዑቕባይ ሦስት ሰዓት ላይ ተፈታ። ቤቱ አልሄደም። ንግስቲን አስከትሎ በቀጥታ ወደ ለቅሶው መጣ። አሁን ለቅሶው የሁለት ሰው ነው፤ ባለቤት ያጣ። ከጎኔ ተቀምጦ ደረቱን እየመታ አለቀሰ።

«አልገባችም በሉኝ» ይላል። «ኳሷ አልገባችም በሉኝ፣ ዕድሜ ልኬን እቀበላለሁ። እሱ ብቻ ይነሳልኝ!»

ማታውን ጋሽ ሃብተማርያም ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። በማግስቱ ወደ አገር የሚመለስ አንድ ነጋዴ አለ፤ አዲስ አበባ ላሉ አንድ ካህን ያደርስልናል። ካህኑ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሮማንወርቅን በር ያንኳኳሉ። እሷስ ማን ሞተ ብላ ትጠይቅ ይሆናል።

«ለተከበሩ አባታችን፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ እጄ እንደ ልማዱ ባለቤታቸውን በስም ጠራ፣ ልጆቻቸውን ጠራ፣ የወንድሜን ልጅ ጠራ። የወንድሜ ልጅ እሳቸው ጋ ነው የሚኖረው።

እስክሪብቶዬ ቆመ። የጻፍኩትን አየሁት። ንግስቲም በትከሻዬ ላይ አየችው።

ወረቀቱን ቀደድኩና ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። በአዲስ ወረቀት የሟቹን ስምና የሞተበትን ቀን ጻፍኩ። ለማን እንደሚነገር ነጋዴው በቃሉ ያደርስልናል። ሌላ የማንንም ስም አላነሳሁም፤ ማንንም ሰላም ሳልል ደብዳቤውን አጠፍኩት።